ቀን ቈርጦ መገናኘት

«ጊዜ አጣሁ» ማለት በዘመናችን የተለመደ ምክንያት ሆኗል። ተማሪው ለፈተና፥ ወላጁ ለሥራ ሲሮጥ፥ ጸሎቱም ጎረቤትን መጠየቁም ለነገ ይተላለፋል፤ ያ ነገ ግን አይደርስም። ስለዚህ ነገር ከጽዋ ማኅበር የምንማረው ትምህርት አለ።

ማኅበርተኞች በመረጡት መታሰቢያ ቀን፥ ይኸውም የሚካኤል ከሆነ በ12፥ የገብርኤል ከሆነ በ19፥ የማርያም ከሆነ በ21፥ በየወሩ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ጸሎት ከደረሰ በኋላ ጠበል ጸዲቁ ይቀመሳል። የቀረ ሰው ቢኖር «ታሞ ይሆን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የተጣሉ ቢኖሩም እንዲታረቁ ይደረጋል። በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ለዚህ ሁሉ ጊዜ የተገኘው ሥራ ስለ ጠፋ አይደለም፤ ቀኑ አስቀድሞ ስለ ተቈረጠ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ለጥናት ሰዓት እንደምንመድብ ሁሉ፥ እያንዳንዳችን እንደ እምነታችን ለጸሎት፥ ደግሞም የታመመ ጓደኛንና ያረጁ ዘመዶችን ለመጠየቅ ቀን እንቍረጥ። ፈተና ቢወድቁበት በሚመጣው ዓመት ይደገማል፤ ሳይጠይቋቸው ያለፉ አያት ግን ዳግመኛ አይገኙም።