ኤርጎኖሚክስ እና የግንባታ ሠራተኛው ወገብ

እንደሚታወቀው በግንባታ ቦታ ስለ ደኅንነት ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ሄልሜት ነው። ከዚያ ደግሞ ከመወጣጫ ላይ መውደቅ። እነዚህ ከባድ አደጋዎች መሆናቸው አያከራክርም። ነገር ግን ማንም ሳይወድቅ፣ ደምም ሳይፈስ፣ አንድን ጎልማሳ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር የሚያሳጣ ጉዳት አለ። በዚህ ጽሑፍ የምናየው በሸክም፣ በመጎንበስና በመጠማዘዝ ብዛት ቀስ እያለ የሚመጣውን የወገብ ጉዳት ነው።

ኤርጎኖሚክስ ማለት ሥራውን ከሰውየው ጋር ማስማማት ነው፤ ሰውየውን ከሥራው ጋር ማስማማት አይደለም። ቃሉ «ሥራ» እና «ሕግ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን ፖላንዳዊው ምሁር ቮይቼክ ያስትሸምቦቭስኪ በ1857 እ.ኤ.አ. ተጠቅሞበታል። ጉዳዩ ለአገራችን ሕግም እንግዳ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራው ሂደት የኬሚካልና የባዮሎጂ ብቻ ሳይሆን የኤርጎኖሚክስ አደጋም ምንጭ እንዳይሆን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል። ሆኖም እዚያው አዋጅ ላይ «በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ» የሚባለው በድንገት የደረሰ ጉዳት ነው። ከመወጣጫ የወደቀ ሰው መዝገብ ላይ ይገባል። ለዓመታት ሲሚንቶ ተሸክሞ ወገቡን ያጣ ሰው ግን አንድ ቀን ሥራ መምጣቱን ያቆማል፣ በቃ። በማግስቱ በቦታው ሌላ ልጅ ይቆማል። በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ በሽታ የሚናገር ክፍል አዋጁ ውስጥ አለ፤ ግን ከሳይት ሳይት የሚዞር፣ ውል የሌለው የቀን ሠራተኛ ሕመሙ ከየትኛው ሥራ እንደመጣ በምን ያስረዳል?

በእኛ አካባቢ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። ሲሚንቶ ከመሀል አገር 500 ኪሎ ሜትር አልፎ ተጉዞ ነው ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚደርሰው። ይህን ሁሉ መንገድ በመኪና መጥቶ፣ የመጨረሻዎቹን ሃምሳና መቶ ሜትሮች በሰው ትከሻ ይሄዳል። ምክንያቱም ዝናቡ ብዙ ወር ስለሚቆይ ከዋናው መንገድ እስከ ሳይቱ ያለው ቀይ አፈር ጭቃ ሆኖ መኪና አያስገባም። በጭቃ ላይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ደግሞ እግሩ ሲንሸራተት ሸክሙን ላለመጣል ወገቡን ድንገት ያጠማዝዛል፤ ብዙ ጊዜ ወገብ «ቀጭ» የሚለው ያኔ ነው። በዚያ ላይ ከተሸካሚዎቹ መካከል ቡና ሲደርስ የቡና ጆንያ የሚሸከሙ አሉ። የኤክስፖርት ቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው፣ የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ። ሥራው ይለዋወጣል እንጂ ወገቡ ያው አንድ ወገብ ነው።

ለመሆኑ 50 ኪሎ ምን ያህል ይከብዳል? ጥያቄው የሞኝ ይመስላል፤ መልሱ ግን ከረጢቱ የት እንደተቀመጠ ይወሰናል። በስታቲክስ የተማርነውን ሞመንት እናስታውስ። የጀርባ ጡንቻ ከአከርካሪው መሀል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው የሚስበው። ከሰውነት 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተያዘ 15 ኪሎ ብሎኬት፣ የሰውየው የራሱ ደረት ክብደት ሳይጨመር፣ ጡንቻውን 120 ኪሎ ያህል ያስጎትተዋል። ይህ ኃይል ደግሞ ተመልሶ የታችኛውን ዲስክ ይጫናል። ስለዚህ «ከባድ» ማለት ኪሎ ብቻ አይደለም፣ ርቀትም ነው።

የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በ1991 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ያወጣው ቀመር ይህንን በቁጥር ያሳያል። መነሻው 23 ኪሎ ነው፤ ሁኔታው በከፋ ቁጥር በክፍልፋይ እየተባዛ ይቀንሳል። መሬት ላይ የተኛ ከረጢት እንውሰድ። እጅ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ይይዘዋል፣ ከሰውነት 45 ይርቃል፣ እስከ ትከሻ (140) ይነሳል፣ መያዣ የለውም። 23 × 0.56 × 0.82 × 0.86 × 0.90 ሲባዛ 8 ኪሎ ይመጣል። ከረጢቱ 50 ነው! ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ተቋሙ ከአንድ እጥፍ በላይ ሲሆን አደጋው ይጀምራል፣ ከሦስት ሲያልፍ ለብዙ ሠራተኞች አስጊ ነው ይላል። አሁን ያንኑ ከረጢት 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ርብራብ ላይ እናስቀምጠውና ሰውየው ተጠግቶ (በ35) ያንሳው። ውጤቱ ወደ 13 ኪሎ ከፍ ይላል፣ እጥፉም ከስድስት ወደ 3.8 ይወርዳል። ያልተለወጠው ነገር ሰውየውና ከረጢቱ ነው፤ የተለወጠው ቁመቱና ከሰውነት ያለው ርቀት ብቻ ነው። ለሁለት ሲያነሱት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው ወደ 1.9 ገደማ ይሆናል። በብሪታኒያና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ከረጢቱን ራሱን ወደ 25 ኪሎ አውርደውታል፤ ያ ግን በፋብሪካ የሚወሰን ስለሆነ ከእጃችን ውጭ ነው።

ርብራቡ ግን በእጃችን ነው። እዚህ አገር እርጥበት ሲሚንቶን ስለሚያበላሽ መጋዘን ውስጥ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር የተለመደ ነው። አንድ ስንዝር እናነሳዋለን፣ ለሲሚንቶው ብለን። እስከ ወገብ ብናነሳው ለሰውየውም ይሆን ነበር። እርግጥ ነው ቁልሉ ስለሚያጥር ሰፋ ያለ መጋዘን ይፈልጋል፤ ባህር ዛፉና ቆርቆሮውም ዋጋ አለው። ይህንን መካድ አይገባም።

የብሎኬት ሥራም እንዲሁ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12.5 ብሎኬት ይበላል። ግንበኛው በቀን 10 ካሬ ቢሠራ 125 ብሎኬት፣ አንዱ 15 ኪሎ ቢሆን 19 ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክብደት በእጁ ያልፋል። ለእያንዳንዱ ብሎኬት አንድ ጊዜ፣ ለሞርታሩም አንድ ጊዜ ጎንበስ ይላል። አንድ በዕድሜ የገፉ ግንበኛ ቴፒ ላይ «ጋሼ፣ ግድግዳው ከፍ ሲል አይከብድም?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ከፍ ሲል እማ እረፍት ነው። የሚገድለኝ የመጀመሪያው ሦስት ረድፍ ነው» አሉኝ። ከየትኛውም ቀመር በፊት እሳቸው ያውቁታል።

በ1885 እ.ኤ.አ. በቦስተን ግንበኝነት መማር የጀመረው ፍራንክ ጊልብሬዝም ይህንኑ ነበር ያየው። ጡቡንና ሞርታሩን ከግንበኛው እግር ሥር አንስቶ ወገብ ላይ የሚያደርስ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ ከፍ የሚል መወጣጫ ሠራ። ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ እንደተረከው፣ አንድ ጡብ ለመደርደር ይፈጅ የነበረው 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ወርዶ በሰዓት 120 ጡብ የነበረው 350 ደርሷል። ቴይለር የአሠሪ ሰው ስለነበረ የሚያጎላው ምርቱን ነው። ለእኛ ዋናው ነገር ግን ያ ሁሉ የተገኘው በሞተር ሳይሆን በእንጨት መሆኑ ነው። በእኛ ሳይት ባዶ በርሜል በቁሙ አቁሞ የሞርታሩን ሳጥን በላዩ ማድረግ ይበቃል።

ባሬላውንም መርሳት የለብንም። ኮንክሪት ተሸክመው መወጣጫ ሲወጡ ክብደቱ ወደ ኋለኛው ሰው ያዘነብላል። ከኋላ ያለችው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ቢያንስ በየምልልሱ ቦታ ይቀያየሩ፤ መወጣጫው ላይም እግር የሚይዝ አግዳሚ እንጨት ይመታ፣ ጭቃውም ይጠረግ። ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

«ሠራተኛው እኮ ራሱ አይሰማም፣ ማሠልጠን ነው የሚያስፈልገው» የሚሉ አሉ። ጉልበትህን አጥፈህ አንሳ የሚለው ምክር መጥፎ አይደለም። ግን በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ የአነሳስ ሥልጠና የወገብ ሕመምን እንደሚከላከል ማስረጃ አላገኘም። ለምን ቢባል ከረጢቱ ያለው መሬት ላይ ነው፤ ሰውየው ምንም ቢማር እዚያው ድረስ መውረድ አለበት። ሥራው በቁርጥ ከሆነማ ለሁለት መሸከም የገቢ መቀነስ ስለሚመስለው «እኔ ብቻዬን እችላለሁ» ይላል። ሂሳቡ ለሁለት ሰው ካልተሠራ በቀር ምክሩ ባዶ ነው።

ይህንን ሂሳብ የሚሠራው ደግሞ ፎርማኑ አይደለም። ከፎርማኑ በፊት ዝርዝር ዋጋ የሚያወጣው ሰው ነው፣ ማለትም ነገ እኛ። በክፍል በሠራናቸው የዋጋ ግምት ልምምዶች ለካሳፎርማ፣ ለፌሮ፣ ለውኃ ሳይቀር መስመር አለን፤ ከወገብ ለሚደርስ ርብራብ ግን አንድም መስመር አላየሁም። በሚቀጥለው የሳይት ልምምድ ሜትር ይዘን ሦስት ነገር ብንለካ ጥሩ ይመስለኛል፦ የታችኛው ከረጢት ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ የሞርታሩን ሳጥን ከፍታ፣ ከመጋዘኑ እስከ ማቡኪያው ያለውን ርቀት።