ስምንት ዓመት ያለፋቸውን ልጆች መኪና ውስጥ እንዴት እናስቀምጥ?

ጊፋታና መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ወደ ወላይታ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ የኋላ ወንበር ላይ የሚታጨቁት ደግሞ ልጆች ናቸው። ስለ ሕፃናቱ ሁሉም ይጨነቃል። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር ዓመት የሞላቸውን ግን «አድገዋል» ብሎ የሚተዋቸው ይበዛል። የመኪና ቀበቶ የተሠራው ለአዋቂ ቁመት ስለሆነ ለእነሱ ገና አይገጥምም።

ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት፣ መኪናው እንደቆመ ቀበቶው ለልጁ መግጠሙን ፈትሹ። ልጁ ጀርባውን መደገፊያው ላይ አጣብቆ ይቀመጥ። ጉልበቱ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ካልታጠፈ ሳይቆይ ወደ ፊት ይንሸራተትና ቀበቶው ሆዱ ላይ ይወጣል። ቀበቶውን እሰሩለትና በጣታችሁ ተከተሉት፦ የታችኛው ዳሌውን ይዞ ጭኑ ሥር ላይ፣ የላይኛው በትከሻው መሃል አልፎ ደረቱ ላይ መዋል አለበት። በግጭት ጊዜ የዳሌ አጥንት ጫናውን ይችላል፤ ሆድ ላይ ያረፈ ቀበቶ ግን ጉበትና አንጀት ይጎዳል። አንገቱን የሚከረክረው ልጅ ቀበቶውን በብብቱ ሥር ወይም ከጀርባው ያደርገዋል። ይህን ፈጽሞ አትፍቀዱ። ሁለት ልጆችንም በአንድ ቀበቶ አትሰሩ።

ካልገጠመው ከፍ የሚያደርግ የልጆች መቀመጫ ያስፈልገዋል። በአውሮፓ ልጁ ቁመቱ እንደየአገሩ 135 ወይም 150 ሳንቲ ሜትር እስኪሞላ ድረስ ግዴታ ነው። ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ አይተካውም፤ ፍሬን ሲያዝ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ትክክለኛው መቀመጫ ቀበቶውን ዝቅ አድርጎ የሚይዝበት ማለፊያ በግራና በቀኝ አለው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከልብስና ከጫማ በፊት ይህን አስመጡ። እስኪገኝ የኋላ ወንበሮቹን ሁሉ አስሞክሩት፤ አንዱ ከሌላው ይሻላል። ጋቢና ግን ቢያንስ 13 ዓመት እስኪሞላው ይቆየው፤ የአየር ከረጢቱ የተመጠነው ለአዋቂ ነው።

ከሶዶ መናኸሪያ ወደ አረካ፣ ቦዲቲ ወይም ሁምቦ በሚኒባስ ስትሄዱ ቀበቶ ያለው ወንበር ከተገኘ ለልጁ ስጡት። ረዳቱ «ልጅ ነው፣ እቀፉት» ቢል ሒሳቡን ከፍላችሁ የራሱን ወንበር ያዙለት፤ ትርፍ የጫነ ከሆነ ሌላ ጠብቁ። ባጃጅ ውስጥ በሁለት አዋቂዎች መሃል ይቀመጥ እንጂ ሾፌሩ አጠገብ አይጠጋ።

በጭነት መኪና ላይ ምንም ዘዴ የለም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሲዳማ ክልል፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ወደ ሰርግ የሚሄዱ ሰዎችን የጫነ ይሱዙ ገላና ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው ሞቷል። ለሰርግም ሆነ ለለቅሶ ልጅ ይሱዙ ላይ አታሳፍሩ። መኪና ከጠፋ ልጁ ከጎረቤት ጋር ቤት ይቆይ።

ስትወርዱም ልጁ በቀኝ በር፣ በመንገዱ ዳር በኩል ይውረድ። መሻገር ካለበት መኪናው ሄዶ መንገዱ በሁለቱም በኩል እስኪታይ እጁን ይዛችሁ ቁሙ።