የደረት ሊምፍ ዕጢዎች «መደበኛ መጠን» እና በማረሚያ ቤት ታካሚዎች ላይ የሚኖረው ትርጓሜ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ እንደሚገኘው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ያሉ ተቋማት ብዙ ሰዎችን በአንድ ክፍል ስለሚያኖሩ ለሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) መዛመት የተጋለጡ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በማረሚያ ቤቶች ስልታዊ የቲቢ ልየታ እንዲካሄድ አጥብቆ መክሯል። ከልየታ አልፎ ሲቲ ስካን የተነሣ ታራሚ ውጤት ላይ የሚሰፍረው የሊምፍ ዕጢ መጠን ሕክምና መጀመርን ወይም ወደ ጋራ ክፍል መመለስን ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ምን ያህል እምነት እንደሚጣልበት መመርመር ይገባል።

መለኪያው

መደበኛ የሊምፍ ዕጢ በደረት ራጅ ላይ ተለይቶ አይታይም፤ የሚታየው ሲያብጥ ወይም ካልሲየም ሲያጠራቅም ነው። በሲቲ ስካን የሚለካው የዕጢው አጭር ወርድ ነው፤ ረጅሙ ዕጢው በተጋደመበት አቅጣጫ ይለዋወጣልና። በሁለቱ ሳንባዎች መካከል የተለመደው ወሰን 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የአየር ቧንቧ ለሁለት ከሚከፈልበት በታች ላለው ዕጢ ብዙዎች እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይቀበላሉ። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ ሌላ ምልክት በሌለው ሰው በአጋጣሚ የተገኘ ከ15 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዕጢ ተጨማሪ ምርመራ አያሻውም።

ትርጓሜ

ይህ የ15 ሚሊ ሜትር ወሰን የሚያስል፣ የሚያተኩሰው ወይም ሌሊት የሚያልበው ታራሚ ላይ አይሠራም፤ ግኝቱ የአጋጣሚ አይደለምና። የ10 ሚሊ ሜትሩም ወሰን የባለሙያዎች ስምምነት እንጂ የጤናና የበሽታ ድንበር አይደለም። ከዚያ ያነሰ ዕጢ የቲቢን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ የበለጠውም በዳነ ኢንፌክሽን፣ በልብ ድካም ወይም ለዓመታት በተሳበ የማገዶ ጢስ ሊያብጥ ይችላል። ከመጠኑ ይልቅ ንቁ ቲቢን የሚጠቁመው ኮንትራስት ሲሰጥ መሃሉ ጠቁሮ ዙሪያው የሚደምቅ ዕጢ ነው። ኤችአይቪ የበሽታ መከላከል አቅሙን ባዳከመው ታካሚ ደግሞ ሳንባው ንጹሕ መስሎ ዕጢው ብቻ ሊያብጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

የራዲዮሎጂ ሪፖርት የዕጢውን ቦታ፣ አጭር ወርድና ገጽታ ለይቶ ማስፈር አለበት። ውሳኔው ከአክታ የሞለኪውል ምርመራ ጋር ሊጣመር፣ አክታው ነጻ ሆኖ ጥርጣሬው ካልተወገደም ከዕጢው በመርፌ ናሙና ሊወሰድ ይገባል። «መደበኛ» የሚል ቃል ብቻውን ታማሚን ወደ ተጨናነቀ ክፍል እንዲመልስ፣ «ያበጠ» የሚለውም ጤነኛን ለወራት መድኃኒት እንዲዳርግ ሊፈቀድለት አይገባም።