ዝንጉ ሰውን ስለ መርዳት

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የሚሆን ትምህርት

መርሳት በሰው ሁሉ ላይ ይደርሳል። ነገር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አሳቡ አልረጋ እያለው፥ የሰማውን ወዲያው የሚዘነጋ ሰው አለ። ሐኪሞች ይህን ኤዲኤችዲ ይሉታል፤ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሕመም ማለት ነው። ጆርጅ ስቲል የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 ዓመት እንዲህ ስላሉ ልጆች በሎንዶን አስተማረ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ካደጉም በኋላ ሕመሙ አይለቃቸውም፤ ብዙ ጊዜም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል።

ለምሳሌ በቤሌ የሚኖር አንድ ገበሬ የሽማግሎች ቀጠሮ አለበት እንበል። ማለዳ ከእንሰቱ ጓሮ ሲወጣ ቀጠሮውን ያስታውሳል። በመንገድ ግን ጎረቤቱን በሬ ጠፍቶበት ያገኘዋል፤ አብሮ ሲፈልግ ቀጠሮው ከልቡ ይወጣል። ሽማግሎችም «ናቀን» ብለው ይፈርዱበታል። እርሱ ግን አልናቀም፤ አዲሱ አሳብ የፊተኛውን አስወጣበት እንጂ። ማታ ባስታወሰ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚያፍረው እርሱ ነው። ስለዚህ ከመፍረድ አስቀድሞ «ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲህ ነበርህን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እንዲህ ላለው ሰው «ልብ አድርግ» ማለት አይበቃውም፤ ከልቡ ውጭ የሚቀመጥ ማስታወሻ ያስፈልገዋል። ይህም ነውር አይደለም። ድጓን በቃሉ ለሚያውቅ መሪጌታ እንኳ በመጽሐፉ ላይ የዜማ ምልክት ተጽፎለታል፤ ምልክቱንም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል። መነኩሴም ጸሎቱን በመቁጠሪያ ይቈጥራል። እንግዲህ ዝንጉ ሰው እንዲህ ያድርግ።

1ኛ፤ ቀጠሮውን በሰማበት ሰዓት በደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩም አንድ ብቻ ይሁን። መጻፍ የማይችል ልጁን ያስጽፍ።

2ኛ፤ ቁልፉን፥ ገንዘቡንና ወረቀቱን ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ ያኑር።

3ኛ፤ ነገ ይዞት የሚሄደውን ዕቃ ማታ በደጁ አጠገብ ያስቀምጥ፤ ሲወጣ ያየዋልና።

4ኛ፤ ሽማግሎችም በቀጠሮው ዋዜማ ልጅ ልከው ያሳስቡት።

አንዳንድ የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው ብሎ አብሾ ይጠጣ ነበር። አብሾ ግን ከመርዛም ተክል የሚሠራ ነው፤ አእምሮን ያናውጣል፥ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ማንም አይጠጣው። ለዚህ ሕመም የሚሆነውን መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም ነው። መርሳቱ ከልጅነት ያልነበረ፥ በጕልምስና ወይም በእርጅና የጀመረ እንደ ሆነ ግን ሌላ ደዌ ሊሆን ይችላልና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ዝንጉን የሚወቅስ ሰው ብዙ ነው፤ በዋዜማው የሚያሳስበው ግን ጥቂት ነው። መምህራንና ሽማግሎች ከጥቂቶቹ ወገን ይሁኑ።