በጄጁ ደሴት ዙሪያ በብስክሌት፦ አብሮ የመጓዝ ትምህርት

በደቡብ ኮሪያ የምትገኘው የጄጁ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተ 234 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ በዙሪያዋ አላት። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በአገሩ ጸደይ፣ የጎመን ዘር አበባ ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሰው፣ ተጓዦች በማኅበር ሆነው በሦስት ወይም በአራት ቀን ይዞሯታል። ባሕሩን በቀኝ ይዞ ለሚሄድ መንገድ መሳት እምብዛም አያሰጋም፤ የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው።

ከፊት የሚሄደው ነፋሱን ይቀበላል፤ ተጠግቶ የሚከተለው ድካሙ ይቀልለታል። ስለዚህ ብርቱዎቹ በየተራ ወደ ፊት ይወጣሉ። ዳገት ላይ ግን ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። ብርቱው ቀድሞ ይወጣና ያርፋል፤ ደካማው ሲደርስ እርሱ ዕረፍቱን ጨርሶ ይነሣል። ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ሳያርፍ ይውላል! የወጣቶችን ጉዞ የምትመሩ መምህራን ሆይ፣ የዕረፍቱን ሰዓት መቍጠር የምትጀምሩት የመጨረሻው ከደረሰ በኋላ ይሁን።

በምዕራቡ ዳርቻ ዮንግሱ የተባለ መንደር አለ። ቅዱስ እንድርያስ ኪም እ.ኤ.አ. በ1845 በሻንጋይ ማዕርገ ክህነት ተቀብሎ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ጀልባውን ማዕበልና ነፋስ ገፍቶ ያደረሰው በዚያ ነው። የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶለታል፤ ወደ ኋላ የቀሩትን ለመጠበቅም የተመቸ ስፍራ ነው።