«አልወደድኩትም» እና «አልተሠራም»

ጎንደር ከተማ አንዲት ወይዘሮ የድንጋይ አጥር ልታስገነባ ከግንበኛ ጋር ተዋዋለች እንበል። ውሉ «በጥሩ ሁኔታ ይሠራል» ከማለት በቀር ዝርዝር የለውም። ግንቡ አለቀ፤ ወይዘሮዋ ግን «አልወደድኩትም» ብላ ቀሪውን ክፍያ ያዘች። ዳኛው ከየት ይጀምራል?

ከውሉ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። ስለዚህ የሚጠየቀው ባለቤቷ መውደዷ ሳይሆን፣ የተሠራው ከተባለው ጋር መግጠሙ ነው። ቁመቱና ውፍረቱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሜትር ይዞ መለካት ይበቃ ነበር።

ግንበኛው ከተባለው የተሻለ ሠርቻለሁ ቢልስ? ቁጥር 1745 ዋጋው የሚበልጥ ቢሆን እንኳ ማንም ከተዋዋለው የተለየ ነገር እንዲቀበል አይገደድም ይላል። ድንጋጌው ዕቃ ስለማስረከብ ቢሆንም፣ አስተሳሰቡ ለሥራም ይስማማል ባይ ነኝ። ለምሳሌ በዚያው በጎንደር የፋሲል ግቢ ግንቦች በኖራ የተያያዙ ናቸው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጥገና ግን ሲሚንቶ ገባባቸው። ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ርጥበትን አፍኖ ስለሚይዝ አሮጌውን ድንጋይ ይጎዳል። ዛሬ በኖራ ሊጠግን የተዋዋለ ሰው ሲሚንቶ ቢለስን «የበለጠ ጠንካራ ነው» ማለቱ አያድነውም።

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ፤ የእሷ ውል ዝም ያለ ነው። ቁጥር 1713 ተዋዋዮች በጻፉት ብቻ ሳይሆን፣ የውሉ ጠባይ እየታየ ልማድ፣ ርትዕ (ሚዛናዊ ፍትሕ) እና ቅን ልቦና በሚያስከትሉትም እንደሚገደዱ ይናገራል። እዚህ ላይ ባለሙያ ይጠራል። መሠረቱ ጠንካራ መሬት ነክቷል? ድንጋዮቹ ተጠላልፈው ተቀምጠዋል ወይስ ተደርድረው ብቻ? ባለሙያው የሚያየው የአገሩ ደህና ግንበኛ እንዲህ ይሠራ እንደሆነ ነው፤ የራሱ ምርጫ ቦታ የለውም።

ውሉ «ባለቤቷ እስክትረካ» ቢልስ? ለቀሚስ ወይም ለሥዕል ቃሉ ክብደት አለው። ለአጥር ግን ቁጥር 1732 ውል በቅን ልቦና ይተርጎም ስለሚል፣ ክፍያ ለማምለጥ የሚነሣ ቅሬታ እርካታ ማጣት አይባልም።

ጉድለት ሁሉ ውል አያፈርስም፤ ጥቃቅኑ ይታረማል ወይም ይካሳል። ቤት ሲሠራ ግን ሕጉ ጠበቅ ይላል፤ ቁጥር 3039 ተቋራጩን ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። ክረምት አብጦ በበጋ የሚሰነጠቅ መረሬ አፈር ቤቱን ቢያናጋ እንኳ «መሬቱ ነው» ብሎ አያመልጥም፤ ይህን ዋስትና የሚያስቀር የውል ቃልም አይጸናም።