ፒስተኑን ላቅልለው ወይስ ላክብደው?

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ አለኝ፤ ዒላማ እተኩስበታለሁ። ፒስተኑን በቶርኖ አስቀንሼ ባቀልለው ጉልበቱ ይጨምራል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይጨምርም። ቀላል ፒስተን ቶሎ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ከፊቱ የታመቀው አየር መልሶ ይገፋዋል። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ፒስተኑ ወደ ኋላ ከነጠረ የሞላው ጉልበት ይባክናል። ከባዱ ደግሞ አየሩን አጥብቆ ይጨምቃል፤ ጠመንጃው ግን በእጅዎ ላይ ይበልጥ ይራገጣል። ትክክለኛው ክብደት የሚወሰነው በሞላው፣ በአየር ማሳለፊያው ቀዳዳና በጥይቱ ስለሆነ ለአንዱ ጠመንጃ የበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል።

ስለዚህ መቁረጡን ያቆዩት። የተቆረጠ ብረት አይመለስም፤ ለማክበድ ፒስተኑ ውስጥ የሚገባ የብረት ቀለበት ግን ካልተስማማ ይወጣል። ከዚያም በፊት የፒስተኑን ጎሚኒና የሞላውን መምሪያ ይመልከቱ። መምሪያው ሞላውን አጥብቆ ሲይዝ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፤ ለዒላማ ተኳሽ ይህ ከፍጥነት ይበልጣል ባይ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ይለውጡና በፍጥነት መለኪያ አሥር ጥይት ተኩሰው ያወዳድሩ።

ግራሶ ሲቀቡ ይቆጥቡ። ከፒስተኑ ፊት የገባ ዘይት በጭመቃው ሙቀት ይቀጣጠላል፤ ፍጥነቱ ይጨምር ይሆናል፣ ጎሚኒው ግን ይቃጠላል። ሞላው ተጨምቆ የተቀመጠ ስለሆነ ያለ ሞላ መጭመቂያ ፈጽሞ አይፍቱት።

ሕጉንም አይርሱ። በእንግሊዝ ከ12 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ16.27 ጁል ገደማ፣ የሚያልፍ የአየር ጠመንጃ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። 0.55 ግራም ጥይት በሰከንድ 240 ሜትር ሲበር 15.8 ጁል ይይዛል፤ በ244 ሜትር ከወሰኑ ያልፋል።